ስለ ላፕቶፕ ቀዳዳዎች፣ መብራቶችና እንቅልፍ

ላፕቶፕ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ተደርድረውበት ከፋብሪካ የሚወጣ ዕቃ ሲሆን፣ ባለቤቱ በአብዛኛው ከእነዚህ ውስጥ የቻርጀሩንና የፍላሹን ብቻ አውቆ የቀሩትን ለአቧራ ለቅቆ ይኖራል። ባለሙያዎች ፖርት የሚሏቸው እነዚህ የመሰኪያ ቀዳዳዎች፣ በአጠገባቸው ብልጭ ድርግም የሚሉት ጥቃቅን መብራቶችና ማሽኑ ኃይል ለመቆጠብ የሚገባባቸው የእንቅልፍ ደረጃዎች በመሐንዲሶች ዘንድ ሦስት የተለያዩ የጥናት ዘርፎች ቢሆኑም፣ በተጠቃሚው ዘንድ ግን የሦስቱም ፍጻሜ አንድ ነው፤ ገመዱ አልገባ ሲል፣ መብራቱ ቀለሙን ሲቀይር ወይም ስክሪኑ በድንገት ሲጨልም ላፕቶፑ ተበላሽቷል ተብሎ በቦርሳ ወደ ጥገና ቤት ይጓዛል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ተጠቃሚው ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም፤ ላፕቶፑ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነ ሲሄድ ስለ ራሱ የሚሰጠው ማብራሪያም አብሮት ቀጥኗልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ ማንነቱን በቅርጹ ይናገር ነበር። የፕሪንተሩ ቀዳዳ ሰፊና ረጅም፣ የኪቦርዱና የማውዙ ክብ፣ እነዚህ ሁለቱም እንዳይምታቱ አንዱ ሐምራዊ ሌላው አረንጓዴ ነበሩ፤ አይቢኤም በ1987 ያስተዋወቀው ቪጂኤ የተባለው የስክሪን መሰኪያ ደግሞ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎችና በግራና በቀኝ የሚጠብቁ ሁለት ብሎኖች ስለነበሩት፣ አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ ገመዱን በእግሩ የጠለፈ ሰው ስክሪኑንም ይዞ መውደቁ የማይቀር ነበር። ያለ ቦታው መሰካት የሚቻለው በጉልበት ብቻ ሲሆን፣ ጉልበትም በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ስስት ይሞከር እንደነበር የተጣመሙት የመሰኪያ እግሮች ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ የቀዳዳ ዓይነት በአንድ ለመተካት ታስቦ በ1996 ዩኤስቢ ወጣ። ከፈጣሪዎቹ ዋነኛው የሆነው የኢንቴል መሐንዲስ አጃይ ባት፣ መሰኪያው በሁለቱም ፊት እንዲገባ ተደርጎ ያልተሠራው ሽቦውንም ወጪውንም በእጥፍ ስለሚያሳድገው መሆኑን ከዓመታት በኋላ ገልጿል። በዚህ ቁጠባ ምክንያት የሰው ልጅ ፍላሹን ሰክቶ፣ አልገባ ሲለው ገልብጦ፣ አሁንም አልገባ ሲለው መልሶ ገልብጦ የሚያባክነውን ጊዜ የደመረ ኢኮኖሚስት እስካሁን አልተገኘም። ነገሩን የሚያቃልል ምልክት ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ነበረ፤ በመሰኪያው ጫፍ ላይ የተቀረጸችው ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ሥዕል ወደ ላይ እንድትሆን በደንቡ የተወሰነ ስለሆነ፣ እርሷን ወደ ላይ አድርጎ የሚሰካ ሰው ጋደም ባለ ቀዳዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሙከራ ያልፋል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ምላስ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ በ2008 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው ገመዱን በጥቁሩ ሳይሆን በሰማያዊው ላይ ቢሰካ፣ መቀበያው ዕቃም የዚያው ትውልድ እስከሆነ ድረስ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ቡና አፍልቶ መጠጣት አያስፈልገውም።

በ2014 ዩኤስቢ ሲ ሲመጣ የግልበጣው ጣጣ ቀረ። ይህ ጠፍጣፋና ሁለት ጫፉ ክብ የሆነ ቀዳዳ 24 ጥቃቅን መነካኪያዎች ከላይና ከታች ተመጣጥነው ስለተደረደሩለት በየትኛውም ፊት ይገባል፤ ይሁን እንጂ ችግሩ የጠፋ ሳይሆን ከእጅ ወደ ጭንቅላት የተዛወረ ሆነ። ቅርጻቸው ፍጹም አንድ ከሆነ ሁለት የሲ ቀዳዳዎች አንደኛው ላፕቶፑን ቻርጅ ሊያደርግ፣ ምስል ወደ ትልቅ ስክሪን ሊልክና በሰከንድ 40 ጊጋቢት መረጃ ሊያሳልፍ ሲችል፣ ሌላኛው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ከማሳለፍ በቀር ምንም ሙያ ላይኖረው ይችላል፤ ይህም ከ80 እጥፍ በላይ የሚበልጥ ልዩነት በመልክ ፈጽሞ አይታወቅም። አምራቾቹ ለዚህ መፍትሔ ብለው በቀዳዳው አጠገብ ምልክት የሚቀርጹ ሲሆን፣ ምልክቱንም ውበት እንዳያበላሽ በግራጫ ብረት ላይ በግራጫ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ይቀርጹታል። ጫፏ ቀስት የሆነች መብረቅ ተንደርቦልት የተባለውን ፈጣን ግንኙነት ታመለክታለች፤ ከተራው ዩኤስቢ አጠገብ የተቀረጸች ቀስት የሌላት መብረቅ ግን ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ ተዘግቶም ቢሆን በዚያ ቀዳዳ ስልክ ቻርጅ ማድረግ እንደሚቻል ትናገራለች። ሁለቱን መብረቆች ለመለየት የእጅ ባትሪና በቂ የማየት ችሎታ ያስፈልጋል።

በቻርጀር ረገድ ግን ለውጡ ሊመሰገን ይገባዋል። ክብ ጫፍ ያላቸው ቻርጀሮች በየኩባንያው፣ አንዳንዴም በአንድ ኩባንያ በየሞዴሉ፣ የውፍረታቸው መጠን ስለሚለያይ በየቢሮው ከሰዓት በኋላ «ቀጭኑ ጫፍ ያለው አለ?» እያለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር ሠራተኛ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዙረት በሕግ ለማስቆም ወስኖ፣ ስልኮችን ከዲሴምበር 2024፣ ላፕቶፖችን ደግሞ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ እንዲሆኑ አስገድዷል። በዚህ አሠራር ቻርጀሩና ላፕቶፑ በመጀመሪያ በ5 ቮልት ተዋውቀው፣ አንዱ ምን ያህል መስጠት ሌላው ምን ያህል መቀበል እንደሚችል ከተጠያየቁ በኋላ ወደ 20 ቮልትና ከዚያም በላይ ይወጣሉ፤ ይህ ያለ ደላላ የሚፈጸም ድርድር በመሆኑ የስልክ ቻርጀር በላፕቶፕ ላይ የሰካ ሰው አደጋ ባይደርስበትም፣ ቻርጀሩ ቀርፋፋ መሆኑን የሚገልጽ ጨዋ መልእክት በስክሪኑ ላይ አንብቦ፣ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሲቀንስ ለማየት ይበቃል።

ከአሜሪካ ላፕቶፕ የተላከለት ሰው የሚፈራው የቮልቴጅ ጉዳይም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በአሜሪካ ያለው የግድግዳ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ በኢትዮጵያ ያለው 220 ቮልት ስለሆነ ከዚያ የመጣ የፀጉር ማድረቂያ አዲስ አበባ ላይ አንዴ ጮሆ ዝም ሊል ይችላል፤ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን በሆዱ ላይ በደቃቅ ፊደል 100–240 ቮልት የሚል ተጽፎበት ከተገኘ፣ በአብዛኛውም ተጽፎበታል፣ የሁለቱን ጠፍጣፋ እግሮች ቅርጽ የሚቀይር ርካሽ መሰኪያ ብቻ ይበቃዋል። ሆኖም ይህን ጽሑፍ ሳያነቡ ከባድ ትራንስፎርመር ገዝተው ለዓመታት ከጠረጴዛ ሥር ሲያሞቁ የኖሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ምስል ወደ ፕሮጀክተር የሚወስደው ቀዳዳ ከሁሉም ይበልጥ ሕዝባዊ ነው፤ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ባለቤታቸውን የሚያሳፍሩት ለብቻው ሲሆን ይኸኛው የሚያሳፍረው በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነውና። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች 19 መነካኪያ ያለውን ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ ሲን ብቻ ይዘው ሲመጡ፣ ከአዳራሹ ጣሪያ የተንጠለጠለው ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ በቪጂኤ ዘመን የተሰቀለ ስለሆነ፣ ጥናት አቅራቢው ወደ መድረክ ሲወጣ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ለገመድ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በላፕቶፑ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሰዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ አንደኛው «ዶክተር፣ እስቲ ነቅለው መልሰው ይሰኩት» የሚል፣ ሁለተኛው ሪስታርት እንዲደረግ የሚያሳስብ፣ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ወደ አይቲው ልጅ የሚደውል ነው። ከሦስቱ ትክክለኛው ሦስተኛው ነው። ኤችዲኤምአይ ምስሉን በዲጂታል፣ ማለትም በቁጥር መልክ፣ ሲልክ ቪጂኤ የሚቀበለው በአናሎግ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ በሚል ሞገድ፣ ስለሆነ በመካከላቸው የሚገባው ኮንቨርተር ተራ ገመድ ሳይሆን የራሱ ቺፕ ያለው ተርጓሚ መሆን አለበት፤ ቺፕ የሌለው ርካሽ ገመድ የቱንም ያህል ቢነቀልና ቢሰካ ምስል አያወጣም። ገመዱ ትክክል ሆኖ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር አንድ ላይ መጫንና ምስሉ በሁለቱም ላይ እንዲታይ መምረጥ ይበቃል፤ የአይቲው ልጅ መጥቶ የሚያደርገውም በአብዛኛው ይህንኑ ሲሆን፣ ምሥጢሩን ለማንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ስለ ኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ላፕቶፑ ከርሱ እየቀጠነ ስለሄደ በብዙ ሞዴሎች ላይ ተወግዷል። ስለ ኬንሲንግተን ቀዳዳ ግን አንድ ቃል መናገር ተገቢ ነው። ይህች 3 በ7 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ በውስጧ አንድም መነካኪያ የላትም፤ ላፕቶፑን በብረት ገመድ ከጠረጴዛ ጋር ለመቆለፍ ብቻ የተበጀች ስትሆን፣ መጠኗ ዓይንን ስለሚያታልል ስልካቸውን በእርሷ ቻርጅ ለማድረግ የታገሉ ሰዎች «ይህኛው አይሠራም» ብለው ደምድመዋል። ድምዳሜያቸው ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከቀዳዳዎቹ ወደ መብራቶቹ ሲታለፍ፣ የቀለማቸውን ታሪክ ማወቅ ብዙ ነገር ይገልጻል። ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ መብራት በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን እንዲሰጥ ተደርጎ በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ በኒክ ሆሎንያክ የተሠራ ሲሆን፣ ሰማያዊው ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደምቆ ሊበራ አልቻለም፤ ለዚህም ነው የቀድሞ ማሽኖች መብራታቸው ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ብቻ የነበረው። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ጃፓን የተወለዱ ሦስት ሳይንቲስቶች ብሩህ ሰማያዊውን በማግኘታቸው በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ሰማያዊውንና ከእርሱ የሚገኘውን ነጭ ብርሃን በየቦታው ስለበተኑት፣ ላፕቶፑን መኝታ ቤቱ አስቀምጦ የሚያድር ሰው በኖቤል የተሸለመውን ግኝት በቁራጭ ፕላስተር ሸፍኖ ለመተኛት ተገዷል።

ዋናው ችግር የቀለሞቹ ትርጉም በሕግ አለመደንገጉ ነው። የመንገድ የትራፊክ መብራት ቀይ በሆነ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሾፌሩ ባያከብረውም ያውቀዋል፤ በላፕቶፕ ላይ ግን በአንዱ ኩባንያ ብርቱካናማ መብራት ባትሪው እየሞላ መሆኑን ሲያበስር፣ በሌላው ኩባንያ ያው ብርቱካናማ ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን ያረዳል። ስለዚህ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የተሸጋገረ ሰው ደስ ሊለው በሚገባ ሰዓት ይደነግጣል፣ ሊደነግጥ በሚገባ ሰዓት ዘና ይላል። ማሽኑ ጨርሶ አልነሳ ሲል ግን መብራቱ እውነተኛ ሙያውን ያሳያል፤ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንም የኃይል ወይም የካፕስ ሎክ መብራት የተወሰነ ቁጥር ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት አርፎ፣ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል፤ ቁጥሩም በየኩባንያው መመሪያ ላይ ጥፋቱ የሚሞሪ፣ የማዘርቦርድ ወይም የሌላ ክፍል መሆኑን ይለያል። ይህን ቆጥሮ በወረቀት የያዘ ባለቤት ጥገና ቤት ሲደርስ የሚከበር ሲሆን፣ ብዙው ግን መብራቱ ጉዳቱን በትዕግሥት ሲዘረዝርለት ኪቦርዱን በመዳፉ ይጠፈጥፋል።

የካሜራዋ መብራት ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ታስነሳለች። ካሜራው ሲሠራ እንድትበራ የተበጀች ብትሆንም፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2008 በፊት በተሠሩ የአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ መብራቷ ሳትበራ ካሜራውን ማሠራት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በ2016 ደግሞ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ባወጣው ፎቶግራፍ ላይ ከጀርባው የሚታየው ላፕቶፕ ካሜራው በፕላስተር ተለጥፎ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው ኋላ ቀር ተብሎ አይሳቅበትም። ጊዜ ግን ከነዚህ መብራቶችም ብዙዎቹን አጥፍቷቸዋል፤ ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ ትንቀጠቀጥ የነበረችው መብራት ከብዙ ሞዴሎች ጠፍታለች፣ አፕልም ማሽኑ ሲተኛ የሰውን አተነፋፈስ እየመሰለ የሚደምቅና የሚደበዝዘውን መብራቱን ትቶታል።

እንቅልፍ ሲነሳ የሕጉን መጽሐፍ መግለጥ ግድ ይላል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ ማሽኑ ከንቃት እስከ መዘጋት የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ከኤስ ዜሮ እስከ ኤስ አምስት ደልድሏል። በሦስተኛው ደረጃ፣ ስሊፕ በሚባለው፣ ሥራው በራም ላይ ተቀምጦ ለእርሱ ብቻ ጥቂት ኃይል ይሰጠዋል፤ በአራተኛው፣ ሃይበርኔት በሚባለው፣ ሥራው ሁሉ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ማሽኑ ኃይል መውሰዱን ያቆማል፤ አምስተኛው መዘጋት ነው። ይህ ግልጽ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ በኋላ የመጡት ላፕቶፖች በሦስተኛው ፋንታ ክዳናቸው ሲዘጋ አንድ ዓይኑን ገልጦ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ዋይፋዩን እያዳመጡ፣ ኢሜይል እየተቀበሉና አንዳንዴም ፕሮግራም እያደሱ የሚቆዩበትን አዲስ እንቅልፍ ተለማመዱ። ክዳኑን ከድኖ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ቤቱ የደረሰ ሰው ላፕቶፑ የጋለ፣ ባትሪው የተራቆተ ሆኖ የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በቦርሳ ለሚጓዝ ማሽን ከስሊፕ ይልቅ ሃይበርኔት ይሻላል፤ ዊንዶውስም ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አውጥቶ በቅንብሮች ጥልቀት ውስጥ ቀብሮታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሻት ዳውን ጉዳይ ነው። በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን የተባለ ማሽን በቶሎ እንዲነሣ ሲባል የሥርዓቱን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚዘጋ፣ በሚቀጥለው ቀን የሚነሣው የትናንቱን ድካም ይዞ ነው፤ ከሥሩ ታድሶ የሚጀምረው ሪስታርት ሲደረግ ብቻ ነው። በየማታው ላፕቶፑን በሥነ ሥርዓት የሚዘጋ ጥንቁቅ ሠራተኛ በታስክ ማኔጀር ውስጥ ማሽኑ ስንት ቀን ሳይታደስ እንደቆየ የሚያሳየውን ቁጥር ቢመለከት ሳምንታት ተቆጥረው ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከላይ በአዳራሹ ውስጥ ሪስታርት እንዲደረግ ያሳሰበው ሁለተኛው ሰው በገመድ ጉዳይ ባይሳካለትም በመርሕ ደረጃ የሚናቅ አይደለም።

ስክሪን ሴቨር በስሙ ቆጣቢ ቢመስልም ኃይል አይቆጥብም፤ የተፈጠረው በጥንቱ ወፍራም ስክሪን ላይ አንድ ምስል ብዙ ቆይቶ ጠባሳ እንዳያሳርፍ ሲሆን፣ በዛሬው ስክሪን ላይ የሚዋኙት ዓሦች የሚበሉት ከባትሪው ነው። እውነተኛው ቁጠባ ስክሪኑን ማደብዘዝና ማጥፋት ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ብዙ ላፕቶፖች ብርሃናቸውን በራሳቸው ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ በአዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ በቀን ብርሃን መብራት መሄዱ የሚታወቀው ስክሪኖቹ በአንድ ጊዜ ሲደበዝዙና ከጠረጴዛ ሥር ያለው ዩፒኤስ መጮኽ ሲጀምር ነው፤ ጀነሬተሩ ሲነሣ ስክሪኖቹ አብረው ይደምቃሉ፣ ወሬውም ከቆመበት ይቀጥላል። አዲስ ላፕቶፕ የተሰጠው ሠራተኛ ግን ስክሪኑ ደከመ ብሎ ለንብረት ክፍል ማመልከቱ የታወቀ ነው።

የባትሪው ቁጠባ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጠረጠራል። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበውና ለመሠረቱት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘው የሊቲየም አዮን ባትሪ፣ ሙሉ ሆኖና ሞቆ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ቶሎ ያረጃል፤ በመሆኑም ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክተው ለሚውሉ ላፕቶፖች አምራቾቹ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን የሚያቆም ቅንብር አበጁላቸው። ባለቤቱ ግን ቁጥሩ 80 ላይ ሲገተር 20 በመቶ የተሰረቀበት መስሎት ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ ጠጋኙም ቅንብሩን ወደ 100 መልሶ፣ የአገልግሎት ሂሳቡን ተቀብሎ ያሰናብተዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ዘወትር ሞልቶ በሙቀት የከረመው ባትሪ አብጦ ከላዩ ያለውን መዳሰሻ ወደ ላይ ሊገፋው፣ መዳሰሻውም አልጫን ሊል ይችላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ማሽኑን አጥፍቶ ባትሪውን በባለሙያ ማስወጣት እንጂ መዳሰሻውን ተጭኖ ወደ ቦታው ለመመለስ መሞከር አደገኛ ነው። ባለቤቱም ላፕቶፑን በዚያው ቦርሳ ይዞ እዚያው ጠጋኝ ዘንድ በመመለስ፣ የዚህ ጊዜው ችግር ከባትሪ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ መሆኑን አስረድቶ፣ ማውዙ እንዲሠራለት ያመለክታል።